ለማለደ፣ ስለ ሕንዶቹ ጨዋታ

የኔ ማለደ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ለመጀመር ብዕሬን አነሣሁና እጄ ቆመ። እንዲያ ተብሎ የሚጻፈው መልስ ለሚልክ ሰው ነው። የፊታችን የኅዳር ሚካኤል ከተለያየን ሁለት ዓመት ይሞላናል። ያንተን ደህንነት ለፈጣሪ ትቼ የኛን ልንገርህ።

እኔ ደህና ነኝ። ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። የጓዳው ቆርቆሮ በዘንድሮው ክረምት እያፈሰሰ አላስቀምጥ ስላለኝ አስቀየርኩት። አጥሩ ሥር የነበረውን የጽድ ዛፍም አስቆርጬዋለሁ፤ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፣ ግን ሥሩ የጎረቤታችንን የብርቄን ግድግዳ ሊጥለው ነበር። ልጃችን ትርሲት አዲስ አበባ በሥራዋ ላይ ናት። ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆናለች፤ ሴት ይሁን ወንድ ሐኪሙን አልጠየቀችም። «አባዬ ቢኖር ይጠይቅልኝ ነበር» አለችኝ በስልክ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቆርቆሮ አይደለም፤ ስለ ሕንዶቹ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው የቆየሁት ነገር አለ። ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው እንዲያነበው ስለፈለግሁ፣ አንተ የምታውቀውንም ጭምር ከሥሩ ጀምሬ አወራዋለሁ፤ ታገሠኝ።

ከትውልድ መንደርህ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጥተህ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ሒሳብ ያስተማረህ ሚስተር ቶማስ የሚባል ሕንዳዊ ነበር። በዚያ ዘመን ሕንዳውያን መምህራን ያልነበሩበት ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ሚስተር ቶማስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚፈልገውን ተማሪ ሜዳ ላይ ሰብስቦ የአገሩን ጨዋታ ክሪኬትን ያስተምር ነበር። አብዛኛው ልጅ ወደ እግር ኳስ ሲሮጥ እሱ ዘንድ የቀራችሁት ስድስት ወይም ሰባት ነበራችሁ። ኋላ ለእኔ ስታስረዳኝ እንዲህ አልከኝ፤ «ሦስት እንጨት መሬት ላይ ይተከላል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ እንጨቶቹን ይጠብቃል። ኳሷን መትቶ ካራቃት ይሮጣል፣ ሩጫው ይቆጠርለታል። እንጨቶቹ ከተመቱበት፣ ወይም የመታትን ኳስ ሌላው መሬት ሳትነካ ከያዘበት ይወጣል። ይኸው ነው።» ዱላውን ከዋንዛ ጠርበህ የሠራኸው አንተ ነበርክ።

ሕንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ያነሣች ጊዜ የፈተና ሰሞን ነበር አልከኝ። ሚስተር ቶማስ ክፍል ገብቶ የአሥራ አንዱን ተጫዋቾች ስም ሰሌዳ ላይ ጻፈ። «ማንም አላመነባቸውም ነበር» ብሎ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ቆመ። «ትልቅ ሰው፣ ያውም የሒሳብ አስተማሪ፣ በደስታ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው» ትለኝ ነበር። በዓመቱ እሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሕንዶቹ ግን አንተ ዘንድ ቀሩ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ያገባሁህ። አባቴ መሪጌታ ነበሩና ያደግሁት ጎንደር ከተማ፣ ደብር አጥር ሥር ነው። አንተ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በትክል ድንጋይ ከተማ የተመደብክ አዲስ መምህር ነበርክ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር፤ የተከለከለ ሬዲዮ ሰማ ተብሎ ሰው የሚታሰርበት። አንተ ደግሞ በሩን ትዘጋለህ፣ ሬዲዮህን ጆሮህ ላይ ትለጥፋለህ፣ የሚንሾካሾክ እንግሊዝኛ እየሰማህ ደብተር ላይ ቁጥር ትጽፋለህ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለህ ደብተሩን ገለጥኩት። ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ብቻ! የሰላዮች ምሥጢር መሰለኝ፤ ለአባቴ «ቶሎ ድረሱልኝ» ብዬ ላክሁባቸው።

አባቴ በእህል ማኪና ላይ ተሳፍረው መጡ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና ደብተሩን ፊትህ ዘረጉት።

«መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉህ።

አንተ እንደ ተማሪ ብድግ ብለህ ቆመህ ሁሉንም አስረዳሃቸው። ትልቁ ጨዋታ አምስት ቀን እንደሚፈጅ ስትነግራቸው ዓይናቸው ተከፈተ።

«አምስት ቀን? ቆመው?»

«ቆመው፣ አባቴ። ለምሳ ያርፋሉ፣ ማታ ይለያያሉ፣ በነጋታው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።»

«ምን ለብሰው?»

«ነጭ ለብሰው።»

አባቴ ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህ ማኅሌት ነው እንጂ ስለላ አይደለም። ባልሽን ተይው» አሉኝ። ያን ቀን ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ከዚያ ወዲያ አጠገብህ መቀመጥ ጀመርኩ። ሰው ጨዋታው ረዘመ ብሎ ያማርራል ስትለኝ አይገባኝም ነበር። ከምሽት እስከ ንጋት ቆሞ የሚዘምር አባት ያሳደጋት ልጅ በጨዋታ መርዘም አትደነግጥም።

የሕንዶቹ ስም ለምላሴ ስላስቸገረኝ እንደ ጥንቱ መኳንንት የፈረስ ስም አወጣህላቸው። አባ ሸውድ ኳስ ወርዋሪው ነበር፤ በዝግታ ይወረውርና ኳሷ መሬት ነክታ ስትነሣ መንገዷን ትቀይራለች። ነገሩ አልገባኝ ሲል ሎሚ አምጥተህ በጣትህ እያሾርክ ወለሉ ላይ አሳየኸኝ፤ ሎሚዋ ወደ እኔ መጣች ስል ወደ ምድጃው ዞረች። አባ ዝምታ መሪያቸው ነበር፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የሬዲዮው ሰው ስለ እሱ የሚያወራው «ፊቱ አልተለወጠም» እያለ ነው። አንተ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲረብሽህ እሱን ለመምሰል ትሞክር ነበር፤ አልሆነልህም፣ ጆሮህ ይቀላብህ ነበር።

እኔ ግን የወደድኩት አባ ጽናትን ነው። ቀኑን ሙሉ እንጨቶቹን ጠብቆ ይውላል። ያስገረመኝ መምታቱ አልነበረም፤ የማይመታቸው ኳሶች ነበሩ። ወርዋሪው ሊያናድደው፣ ሊያስቸኩለው ኳሷን ከእንጨቶቹ ራቅ አድርጎ ይወረውርለታል። ሌላው ይሳሳና ይወጣል። አባ ጽናት ዱላውን ከፍ አድርጎ ያሳልፋታል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ መቶ ጊዜ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምነድ ሴት ነበርኩ፤ የቦኖ ውኃ ተራዬን ወሰዱብኝ ብዬ ሰፈሩን የማተራምስ። ከተናደድኩ አንተ ከወንበርህ ሳትነሣ «አንች፣ ይችን ኳስ ተያት» ትለኛለህ። መጀመሪያ ይበልጥ እናደድ ነበር። ኋላ ኋላ ሳልፈልግ እስቅ ጀመር። ከዓመታት በኋላ አባ ጽናት መጫወት በቃኝ ብሎ የተሰናበተ ዕለት ከትምህርት ቤት መጥተህ ጋቢህን እንደተከናነብክ ደጃፉ ላይ ተቀመጥክ። ከአምባ ጊዮርጊስ የሰው ሞት የተረዳህ መስሎኝ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ደርሼ ነበር።

እነዚህን ሰዎች ሃያ ዓመት በድምፅ ብቻ አወቅናቸው። ጎንደር ተዛውረን፣ ትርሲት ተመርቃ፣ ያንን ሰፊ ስልክ ገዝታ ስታመጣልን ነው ፊታቸውን ያየነው። የድሮ ጨዋታ ፈልጋ ከፈተችልህ። «ይኼ ነው አባ ጽናት? ይኼን ያህል አጭር ነው?» ብለህ ጮኽክ። አንተ እንደ አጎትህ ዘንግ የሚያህል አድርገህ ስለኸው ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ መነጽርህን ሰክተህ ስልኩ ላይ ተደፍተህ ታመሻለህ፤ እኔም አጠገብህ፣ ፀጉራችን የሸበተ ሁለት ሰዎች በአንዲት መዳፍ በምታህል መስተዋት ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመን።

ያ ደስታ አራት ዓመት ነው የቆየው። ዓይንህ ሲደክም ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችሁ መጣችሁ አሉን። መጀመሪያ ኳሷ ጠፋችብህ፤ ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ጠፉ፤ መጨረሻ ላይ የሜዳው አረንጓዴ ብቻ ቀረህ፤ አንድ ክረምት እሱም ሄደ። አላለቀስክም። «እንግዲህ ወደ ሬዲዮ ዘመናችን ተመለስን፤ አሁን ሬዲዮዋ አንች ነሽ» አልከኝ። እኔ አያለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። በደንብ ካልነገርኩህም ትቆጣለህ። «ዝም ብለሽ መታው አትበይኝ። እንዴት መታው? ኳሷ በየት ሄደች? የቆመው ሰው ደረሰባት?» እኔም እንደ ቆሎ ተማሪ እየተገሠጽኩ ለመድኩት። ስለ አንድ ኳስ ብቻ እስክትረካ ድረስ ማውራት ቻልኩ።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልምጣ።

ልብህ ደክሞ ሐኪሞቹ ቤት ይረፍ ያሉበት ወር ነው። በግጭቱ የተነሣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔቱም ከክረምት ጀምሮ ጠፍቷል። የዓለም ዋንጫው፣ በአንድ ቀን የሚያልቀው ዓይነት ጨዋታ፣ ሕንድ ውስጥ ይካሄድ ነበር፤ ሕንዶቹም አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ ለፍጻሜ ደረሱ። ትርሲት ከአዲስ አበባ እየደወለች ውጤቱን ትነግረን ነበር። በየድሉ ፊትህ ላይ የማየውን ነገር ሐኪም ያዘዘልህ መድኃኒት አላመጣውም። «ይችን ዋንጫ ካየሁ ይበቃኛል» አልከኝ ቅዳሜ ማታ፤ «ካየሁ» ያልከው አንተው ነህ። እኔም «ምነው እንዲህ ትላለህ» ብዬ ተቆጣሁ።

እሑድ ከሰዓት ትርሲት ደወለች። ሕንዶቹ መጀመሪያ መትተው ጥቂት ሩጫ ብቻ ሰበሰቡ። «አነሰ» አልክ። ቀጥሎ ደወለችና ከአውስትራሊያዎቹ ሦስቱ ወዲያው እንደወጡ ነገረችን፤ ትራሱን ተደግፈህ ቀና አልክ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ፀሐይ ጠልቃ ጨለም ሲል ጠራ፤ ድምፁ ስለተቆራረጠብኝ ይዤው ወደ ግቢ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ተሸነፉ» አለችኝ ትርሲት። «ከሦስቱ በኋላ ማንም ሊያስወጣቸው አልቻለም። ለአባዬ ቀስ ብለሽ ንገሪው።»

ጽዱ ሥር ትንሽ ቆምኩ። ስገባ ፊትህን ወደ በሩ አዙረህ ነበር። «እህስ፣ አንጓች?» አልከኝ።

«አሸነፉ» አልኩህ። አስቤ የተናገርኩት አይደለም፤ አፌ ብቻውን ነው ያለው።

እጅህን ወደ አየሩ ዘረጋህ፤ ያዝኩት። «እንዴት?» አልክ። አሁን ምን ይዋጠኝ? ትርሲት እንዲህ አለች እያልኩ ጀመርኩ። ወርዋሪዎቹ እንደገና እንደበረቱ፣ አንዱ እንጨቱን ነቅሎ እንደጣለ፣ የመጨረሻዋ ኳስ ወደ ሰማይ ወጥታ በእጅ እንደተያዘች። አንተም ስለ እያንዳንዷ ጠየቅኸኝ። ለእያንዳንዷ መለስኩልህ። የመሪጌታ ልጅ፣ በሰንበት፣ ያለ አንዳች እፍረት!

ሰኞ ጧት መድኃኒት ልገዛልህ ወጥቼ ስመለስ በጀርባህ ተኝተህ ነበር። ጥቂት ቆይተህ «እስቲ የትናንቱን ጨዋታ እንደገና ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው» አልከኝ። እኔም ካለፈው አሳምሬ ነገርኩህ። ሕዝቡን ጨመርኩ፣ መሪያቸው ዋንጫውን ሲያነሣ ጨመርኩ፣ አንዱ ሽማግሌ ተመልካች ሲያለቅስ ጨመርኩ። ስጨርስ «ሸጋ ነው። ሸጋ ጨዋታ ነው» አልክና እጄን ሳምከው። እንዲያ አድርገህ አታውቅም ነበር። ረቡዕ ጧት፣ የሚካኤል ቅዳሴ ሳያልቅ፣ ሄድክ።

ትርሲት በአውሮፕላን ደርሳ ቀበርንህ። በሠልስትህ ዕለት ሰው ሲቀንስ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማዬ፣ አንድ ነገር ይቆጨኛል» አለችኝ። «ሰኞ ጧት ስደውል አንቺ አልነበርሽም፤ አባዬ አነሣው። በመሸነፋቸው እንዳይጎዳ ላጽናናው ብዬ ‹አይዞህ አባዬ፣ በሚቀጥለው ያሸንፋሉ› አልኩት። እሱም ‹ለእናትሽ እንደነገርሽኝ አትንገሪያት› አለኝ። ለምን እንደዚያ እንዳለ እስካሁን አልገባኝም።»

ለእኔ ገባኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ባሏን እያሰበች ነው ብሎ ተወኝ። እውነትም አንተን እያሰብኩ ነበር። ሰኞ «እንደገና ንገሪኝ» ያልከኝ ሁሉንም አውቀህ ነው። እያንዳንዷን ኳስ ስፈጥር ተኝተህ ሰማኸኝ። የሳምከው ያንን የምትዋሽ ሴት እጅ ነው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ውሸቱን ከመናገሬ በፊት ክሪኬት ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝና ከተሰጠኝ ስግደት ይልቅ ያ አደከመኝ። «እሱ ይቅር ብሎሽ ነው የሄደ፤ ግን አትልመጅው» አሉኝ። አልለመድኩትም። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታ ማየት ተውኩ። ኢንተርኔቱም ተመለሰ፣ ሕንዶቹም በሌላ ዓመት በግማሽ ቀን በሚያልቀው በአጭሩ ጨዋታ ዋንጫ አነሡ ብላ ትርሲት ነገረችኝ፤ እኔ ግን ስልኩን ከሳጥን አላወጣሁትም። የማየውን ለማን እነግራለሁ?

በዚህ በያዝነው ወር ግን ትርሲት ደውላ «እማዬ፣ ዛሬ እዪልኝ። ሴቶቹ ለፍጻሜ ደርሰዋል፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ምሽት ትነግሪኛለሽ» አለችኝ። የሕንድ ሴቶች፣ ማለደ! ሁለት ጊዜ እዚህ ደርሰው ዋንጫውን ሌላ ወስዶባቸዋል። ስልኩን አወጣሁት።

ዝናብ ጨዋታውን ስላዘገየው ብዙ ጠበቅሁ። ጀመሩ። ሹሩባቸውን ከቆብ ሥር ያወጡ፣ ቀጫጭን፣ እንደ ትርሲት ያሉ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ዝም ብዬ አየሁ። ከዚያ ሳላስበው ድምፄ ወጣ። «በግራ በኩል መታችው፤ የቆመችው አልደረሰችባትም፤ አጥሩ ድረስ ሄደች» እያልኩ ለባዶው አልጋ አወራ ጀመር። አላፈርኩም። ጨዋታውን በሙሉ አወራሁልህ። የመጨረሻዋ ኳስ ወደ ሰማይ ወጣች። አንዲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኋላ ሮጠች፣ ሮጠች፣ እጇን ዘረጋች፣ ያዘቻት!

እልልታዬ ሳይታወቀኝ ወጣ። ብርቄ ነጠላዋን እየጎተተች በሩን ገፍታ ገባች። «አንጓች! ልጅቱ ያለ ወሯ ወለደች እንዴ?»

«አልወለደችም፤ የሕንድ ሴቶች አሸነፉ!»

ብርቄ አበድሽ ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። ስልኩን ሰጠኋት። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቃቅፈው እያለቀሱ ነበር። እሷ ከዚያ ቀን በፊት ክሪኬት የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ግን ልጆቹን እያየች ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ምን ሁነው ነው እንዲህ የሚያለቅሱት?» አለችኝ። «ማንም አላመነባቸውም ነበር» አልኳት። እሷም እልል አለች።

ማለደ፣ ያ እሑድ ተሸንፈው ነበር። አንተ ብታውቀውም ከአፌ መስማት ይገባሃል፤ ይቅር በለኝ። የዚህኛውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የነገርኩህ ኳስ ሁሉ የሆነ ነው። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም። ጨዋታ በመጣ ቁጥር እነግርሃለሁ፤ ሲያሸንፉ እንዳሸነፉ፣ ሲሸነፉም እንደተሸነፉ።

ያንተው አንጓች፣
ጎንደር